ገና ላልታመመ ልጅ ስም ማውጣት

ይቺን አሁኑኑ ሞክሯት። ቀኝ እጃችሁን ቡጢ ጨብጡና ጠረጴዛ ላይ አሳርፉ። ቀጥሎ ጣቶቻችሁን ዘርግታችሁ እጃችሁን በጎኑ፣ በትንሿ ጣት በኩል አቁሙት። በመጨረሻ መዳፋችሁን ጠረጴዛው ላይ አንጥፉት። ቡጢ፣ ጎን፣ መዳፍ። ቡጢ፣ ጎን፣ መዳፍ። ፍጠኑ። አሁን ደግሞ በግራ እጅ።

ብዙዎቻችሁ አንድ ሁለቴ ተሳስታችሁ ትስቃላችሁ። ሐኪም ፊት ሲሆን ግን ይሄ ነገር ጨዋታ አይደለም፤ ምርመራ ነው። ሐኪሙ የእጃችሁን ቅደም ተከተል ካየ በኋላ ዓይናችሁን አስጨፍኖ መዳፋችሁ ላይ በጣቱ ቁጥር ይጽፍና «ስንት ነው የጻፍኩት?» ይላችኋል። ሳንቲም ወይም ቁልፍ ያስጨብጣችሁና በዳበሳ ብቻ ምን እንደሆነ እንድትናገሩ ይጠይቃችኋል። የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር እያገናኛችሁ በቀጥታ መስመር ላይ ያስኬዳችኋል። እነዚህ ሙከራዎች የሚፈልጉት በሕክምናው ዓለም «ስስ የነርቭ ምልክቶች» ልንላቸው የምንችላቸውን ነገሮች ነው። ስስ መባላቸው እንደ ስትሮክ ወይም እንደ ዕጢ «ጉዳቱ ያለው እዚህ ጋ ነው» ብለው አንድ ቦታ ስለማይጠቁሙ ነው። የሚናገሩት ነገር ቢኖር ብዙ የአንጎል ክፍሎች ተናበው ሲሠሩ ትንሽ መንገዳገድ መኖሩን ብቻ ነው።

ለምን ይፈለጋሉ? ሳይኮሲስ የምንለው ሕመም፣ ሰው ማንም ያልተናገረውን ድምፅ የሚሰማበት፣ ያልተደረገውን ተደርጓል ብሎ ከልቡ የሚያምንበት፣ ሐሳቡ ክሩ እንደተበጠሰ ዶቃ የሚበተንበት ሕመም፣ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስና መጨረሻና በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነው። ሕመሙ ገና በጀመራቸው፣ አንድም እንክብል ባልዋጡ ወጣቶች ላይ እነዚህ ስስ ምልክቶች ከጤነኛ እኩዮቻቸው ይልቅ በብዛት ይታያሉ። ስለዚህ «የመድኃኒቱ ጣጣ ነው» ብቻ ብሎ ማለፍ አይቻልም። ነገሩ ከሕመሙ በፊት የነበረ ይመስላል።

የእኔ ጥያቄ ግን የሕክምና አይደለም። አንድ የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅ ድምፅ ሳይሰማ፣ ማንንም ሳይጠራጠር፣ በሰላም እየኖረ፣ እጁ ስለተደናገረ ብቻ «ልትታመም ትችላለህ» ማለት ትክክል ነው? ማየት የቻለ ሁሉ የማየት መብት አለው? ያየስ የመናገር ግዴታ አለበት?

አበው ለዚህ ሁለት ምክር ትተውልናል። አንዱ «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል። ሌላው «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር»። ላይ ላዩን ሲታዩ ሁለቱም «ንቃ» የሚሉ ይመስላሉ። ግን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ጭስ ላየ ሰው የተነገረ ነው፤ እሳቱ ሳይበረታ ቅጠል አንሳ ይለዋል። ሁለተኛው ጭስም እሳትም አያስፈልገው፤ ገንፎውን ሁሉ ተጠርጣሪ ያደርገዋል። አንደኛው ጥንቃቄ ነው፣ ሁለተኛው ጥርጣሬ። እኔ ዛሬ የምከራከረው በሁለቱ መካከል ስላለው ልዩነት ነው።

*

እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ ኢሌን ዎከር የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ አንድ ብልህ ነገር አሰቡ። ካደጉ በኋላ በስኪዞፍሬኒያ ከታመሙ ሰዎች ቤተሰቦች የቤት ፊልሞችን ሰበሰቡ። ሕፃናት የሚድሁበት፣ የሚጫወቱበት፣ ከእህት ከወንድሞቻቸው ጋር የሚታዩበት ተራ ፊልም ነው። ከዚያ የኋላውን ታሪክ የማያውቁ ተመልካቾች ከልጆቹ መካከል አድጎ የታመመው የትኛው እንደሆነ እንዲገምቱ ተጠየቁ። ግምታቸው በዕድል ከሚገኘው በላይ ትክክል ሆነ። በአካል አንቀሳቀስና በፊት ገጽታ ላይ የሆነ የሚታይ ነገር ነበር።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. መጋቢት 1946 በአንድ ሳምንት ውስጥ የተወለዱ ብዙ ሺህ ልጆች እስከ ጉልምስናቸው ድረስ ክትትል ተደረገባቸው። ውጤቱ በ1994 ሲታተም፣ ከ4,746 ሰዎች መካከል በስኪዞፍሬኒያ የታመሙት 30ዎቹ በልጅነታቸው መራመድ የጀመሩት ከሌሎቹ በአማካይ አንድ ወር ከምናምን ዘግይተው እንደነበር ታየ።

አንድ ወር። እስቲ አስቡት። በሰፈራችሁ ስንት ዘግይቶ የሄደ ሕፃን አለ? ከእነዚያ ብዙ ሺህ ልጆች መካከልም ዘግይተው ሄደው ምንም ሳይሆኑ ያረጁት ከታመሙት እጅግ ይበዛሉ። ፊልምን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ስናየው ሁሉም ነገር ምልክት ይሆናል፤ የወደቀው ኩባያ፣ ያልሳቀው ፊት፣ የዘገየው እርምጃ። ሕይወት ግን ከፊት ወደ ኋላ አትጫወትም። ሕፃኑ በሚድህበት ሰዓት፣ ካሜራውን የያዘው አባት ያየው ልጁን ብቻ ነበር። ደግሞም ልክ ነበር፤ በዚያ ሰዓት እዚያ የነበረው ልጁ ብቻ ነው።

*

«እሺ፣ እጅና እግር ያሳስታል። የአንጎል ፎቶስ?» የሚል አይጠፋም። ፎቶ የማይዋሽ ይመስለናል።

እ.ኤ.አ. በ1976 ኢቭ ጆንስተንና ባልደረቦቻቸው በእንግሊዝ፣ በዚያን ጊዜ አዲስ በነበረው ሲቲ ስካን ለረጅም ዓመታት በሕመሙ የኖሩ ሰዎችን አንጎል አነሱ። በአንጎል ውስጥ ያሉት ፈሳሽ የሚይዙ ክፍተቶች ከጤነኞቹ ሰፍተው ተገኙ። እስከዚያ ድረስ «የአስተዳደግ ችግር ነው፣ እናቱ ናት ያሳበደችው» ሲባል ለኖረ ሕመም ይህ ትልቅ ዜና ነበር። በ2001 ደግሞ በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት፣ ገና በልጅነታቸው የታመሙ 12 ታዳጊዎችን ለአምስት ዓመታት ያህል በኤምአርአይ ተከታትሎ፣ የአንጎላቸው ግራጫ ቁስ ከኋላ ከላይኛው ክፍል ጀምሮ ወደ ፊት እንደ ማዕበል እየሳሳ ሲሄድ አሳየ። ስስ ምልክቶቹ የሚበዙባቸው ሕመምተኞች ላይም እንቅስቃሴን የሚያቀናጁ የአንጎል ክፍሎች አነስ ብለው የተገኙባቸው ጥናቶች አሉ። እጁና ፎቶው አንድ ነገር እያወሩ ነው ማለት ነው።

ግን ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ ግራጫ ቁስ በጉርምስና ዕድሜ መሳሳቱ በራሱ ሕመም አይደለም። የእናንተም ሳስቷል። አንጎል በልጅነቱ የበዙትን ግንኙነቶች እንደ አትክልተኛ እየገረዘ ነው የሚጎለምሰው፤ የፊተኛው ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ሥራውን አይጨርስም። በሕመሙ ጊዜ የተለየው መጠኑና ፍጥነቱ ነው። ስስ ምልክቶቹም እንዲሁ ናቸው፤ በጤነኛ ሕፃናት ላይ ሞልተዋል፣ ከዕድሜ ጋር እየቀነሱ ይሄዳሉ። ስለዚህ ጉርምስና ምልክቱን ለማንበብ ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግር ዕድሜ ነው።

ሁለተኛ፣ ልዩነቱ የአማካይ ልዩነት ነው። ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ከ4,500 በላይ ሰዎችን ምስል ያነጻጸረ አንድ ጥናት፣ ሂፖካምፐስ የተባለው የማስታወስ ሥራ ላይ ያለ ክፍል በሕመምተኞቹ በአማካይ እንደሚያንስ አረጋግጧል። ሆኖም የሁለቱ ቡድኖች ልኬት በአብዛኛው ይደራረባል። ትንሽ ሂፖካምፐስ ይዞ ጤነኛ የሆነ ብዙ አለ፤ ትልቅ ይዞ የታመመም ብዙ አለ። የአንድን ልጅ ፎቶ ብቻ አንስቶ «ይኸው» የሚል ሐኪም የለም።

እስቲ በምናባችን አንድ ጥሩ ምርመራ እንፍጠር። ከሚታመሙት 100 ውስጥ 80ውን ይይዛል፤ ከማይታመሙት 100 ውስጥ 10ሩን ብቻ በስህተት ይጠቁማል። ጎበዝ ምርመራ ነው አይደል? አሁን አንድ ሺህ ተማሪ ያለበት ትምህርት ቤት ይዘነው እንግባ፤ ከነሱ 10ሩ ወደፊት ይታመማሉ እንበል። ምርመራው ከ10ሩ 8ቱን ያገኛል። ከቀሩት 990 ደግሞ 99ኙን በስህተት ይጠቁማል። በድምሩ 107 ልጆች ስማቸው ተጠራ፤ የሚታመሙት 8 ናቸው። 99 ልጅ ግን የሌለበትን ነገር ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ስንጥር ፍለጋ የሚያስከፍለው ዋጋ ይሄ ነው።

*

ይህ ለእኔ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ታናሽ ወንድሜ 11ኛ ክፍል ሳለ ነው የታመመው። መጀመሪያ እንቅልፉ ጠፋ፣ ቀጥሎ ጓደኞቹ ጠፉ፣ ቀጥሎ ሬዲዮው ስለ እሱ ማውራት ጀመረ። ጎረቤት «ዓይነ ጥላ ነው» አለ። አጎቴ «ጫት ነው» አለ፤ ልጁ ጫት ቀምሶ አያውቅም። እናቴ ማንንም አልመለሰችም፤ ይዛው ጠበል ወጣች። ሐኪም ጋ የደረስነው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ዛሬ መድኃኒቱን ይወስዳል፣ ሞባይል ይጠግናል፣ እሑድ እሑድ ኳስ ያያል። አንዳንድ ወር ይከብደዋል፣ አንዳንድ ወር ከእኔ ይሻላል።

ሐኪሙ «የአንጎል ሕመም ነው፤ የማንም ጥፋት አይደለም» ያለ ቀን እናቴ አለቀሰች። ኋላ እንደነገረችኝ የእፎይታ ለቅሶ ነበር። ለወራት «ምን በድዬ ነው?» ስትል ነበር የከረመችው። ያ አንድ ዓረፍተ ነገር የተሸከመችውን አወረደላት።

ወንድሜ ግን ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሌላ አድርጎ ነው የሰማው። አንድ ማታ እንዲህ አለኝ፦ «ተለክፎ ነው ሲሉ አንድ ቀን ይለቀኛል ብዬ ነበር። አንጎልህ ነው ሲሉኝ ግን ከየት ነው የሚወጣው? አንጎሌ እኮ እኔ ነኝ።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ለዓመታት ሳላምጥ ኖሬያለሁ። ልክፍት የሚለው አነጋገር ብዙ ጉዳት አለው፤ ሰው ያሳስራል፣ ሕክምና ያዘገያል። ግን አንድ ነገር ይሰጥ ነበር፤ ሕመሙንና ሰውየውን ይለያይ ነበር። «እሱ አይደለም የሚናገረው» ይባላል፤ እሱ ከሥር፣ ሳይነካ፣ እየጠበቀ አለ። የአንጎል አነጋገር ጥፋቱን አንስቶልን በምትኩ ሰውየውንና ሕመሙን አጣበቀብን። ወንድሜ ብቻውን እንዳልሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ኒክ ሃስላምና ባልደረቦቻቸው ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው ሲመዝኑ፣ የአእምሮ ሕመምን በአንጎልና በዘር ማስረዳት ወቀሳን ይቀንሳል፣ «አይድንም» የሚለውን ተስፋ መቁረጥ ግን ይጨምራል የሚል ውጤት ላይ ደርሰዋል። እናቴና ወንድሜ በአንድ ክፍል ውስጥ የዚያ ጥናት ሁለት ውጤት ነበሩ።

ለታመመ ሰው ይህ ከሆነ፣ ገና ላልታመመው ምን እንነግረዋለን?

ባለፈው ዓመት አክስቴ ደወለችልኝ። የ14 ዓመት ልጅ አላት። «እስቲ አንቺ የምታነቢው ነገር ስለሆነ ንገሪኝ። ዕቃ ከእጁ ይወድቃል፤ ሰው ሲመጣ ክፍሉ ይገባል። የወንድምሽም እንዲህ ነበር እንዴ የጀመረው?» ቲክቶክ ላይ «ልጅዎ ሊያብድ እንደሆነ የሚያሳዩ ምልክቶች» ዓይነት ቪዲዮ አይታለች። በእጇ ዝርዝር ነበራት።

የማውቀውን ቁጥር ነገርኳት። በዚህ ሕመም ከ100 ሰው በሕይወት ዘመኑ አንድ ያህሉ ይያዛል። የታመመ እህት ወይም ወንድም ያለው ሰው ዕድሉ ወደ 9 በመቶ ይጠጋል። ለአክስት ልጅ ግን 2 በመቶ ገደማ ነው። ከ100 የአክስት ልጆች 98ቱ አይነካቸውም። «ሁለቱስ?» አለችኝ። እናት ናት፤ 98ቱን ማየት አትችልም።

ልጁን ቡጢ፣ ጎን፣ መዳፍ አላስደረግኩትም። ባስደርገውና ቢሳሳት ምን ላደርግ ነው? ይልቅ አብሬው ሻይ ጠጣሁ። እንቅልፉን፣ ትምህርቱን፣ ጓደኞቹን፣ የሚያስፈራው ነገር እንዳለ ጠየቅኩት። በአንድ ዓመት ውስጥ ከእኔ በላይ ረዝሟል፤ እጁ ገና ርዝመቱን አልለመደውም። እንግዳ ሲመጣ ለምን እንደሚደበቅ ስጠይቀው «ሁሉም ሰው እያየኝ እጄን ያያሉ» አለኝ። ደነገጥኩ፤ ይህ የሕመም ጥርጣሬ ነው? አይደለም። እውነቱን ነበር። እናቱ ከሰነበተች እጁን ነው የምታየው፤ እንግዶቹም ሰምተዋል።

ካናዳዊው ፈላስፋ ኢያን ሃኪንግ የዚህን ነገር አሠራር አሳይተውናል። ድንጋይን «ድንጋይ» ብትሉት አይለወጥም። ሰውን ግን ስም ስታወጡለት ስሙን ይሰማል፣ በስሙ መሠረት ይታያል፣ በመታየቱ ይለወጣል፤ ለውጡም ስሙ ትክክል ለመሆኑ ማስረጃ ሆኖ ይቆጠራል። የሚጠረጠር ልጅ ይደበቃል፤ መደበቁ ደግሞ ዝርዝሩ ላይ አለ። የእኛ ሰው «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ሲል ይህንኑ ነው ያለው።

*

እዚህ ላይ ሊቆጣኝ የሚገባ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ምክንያትም አለው። «በጊዜ ቢታወቅ ኖሮ ወንድምሽ እነዚያን ወራት ባልተሰቃየ» ሊለኝ ይችላል። ትክክል ነው። ሳይኮሲስ ሳይታከም የሚቆይበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር ማገገሙ እየከበደ እንደሚሄድ ብዙ ጥናቶች ይስማማሉ። በአገራችን በቡታጅራ አካባቢ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት ያዳረሰው ጥናት ካገኛቸው የስኪዞፍሬኒያ ሕመምተኞች ሕክምና አግኝተው የሚያውቁት በጣም ጥቂቶች ነበሩ። በዚያው አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለ10 ዓመት የተከታተለ ጥናት ደግሞ፣ የሞቱት ሰዎች ካላቸው ዕድሜ ሦስት አስርት ዓመታት ያህል ተቀንሶባቸው እንደነበር አሳይቷል። ሠላሳ ዓመት! ከዚህ ቁጥር ፊት ቆሞ «ስም አታውጡ» ማለት የቅንጦት ፍልስፍና ሊመስል ይችላል።

ይህን መከራከሪያ አከብራለሁ። ግን የሚለውን በደንብ እንስማው። የሚለው ጭስ ሲታይ ፍጠኑ ነው። የቡታጅራ ሰዎች ታመው፣ ጎረቤት እያያቸው፣ አንዳንዶቹ ለዓመታት ያለ ሕክምና የኖሩ ናቸው። የጎደላቸው ስስ ምልክት የሚያነብ ሐኪም አልነበረም፤ የታመመን የሚያክም ሐኪም ነበር። የወንድሜም ወራት የባከኑት በልጅነቱ መዳፉ ላይ ቁጥር የጻፈለት ሰው ስላልነበረ አይደለም። እንቅልፍ አጥቶ፣ ከሬዲዮ ጋር እየተጨቃጨቀ፣ በግልጽ ሲጮህ የሚወስደው ቦታ ስላላወቅን ነው።

በጭሱና በገንፎው መካከል ያለው ድንበር ሁልጊዜ ግልጽ ነው አልልም። በመሐል አንድ ጭጋጋማ ሜዳ አለ። ወጣቱ አልፎ አልፎ ስሙን የሚጠራ ድምፅ ይሰማል፣ ግን «ሐሳቤ ይሆናል» ይላል፤ ሰዎች ያሙኛል ብሎ ይጠረጥራል፣ ግን መጠርጠሩንም ይጠረጥራል። እንዲህ ያሉ፣ እርዳታ ፈልገው የመጡ ወጣቶችን የተከታተሉ ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2012 ተደምረው ሲታዩ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ ሳይኮሲስ የገቡት ከሦስቱ አንድ ያህል ነበሩ። ሁለቱ አልገቡም። የአሜሪካ ሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 የምርመራ መጽሐፉን ሲያድስ ይህን ሁኔታ ራሱን የቻለ በሽታ አድርጎ ለመመዝገብ ብዙ ከተከራከረ በኋላ፣ ገና ጥናት ከሚያስፈልጋቸው ጋር አስቀመጠው። በዚያ ሜዳ ላይ ያለ ልጅ ግን ዛሬ እየተሰቃየ ነው። ነገ ምን እንደሚሆን ባናውቅም ዛሬ አይተኛም፣ ዛሬ ይፈራል። እሱን ለመርዳት የነገው ስም አያስፈልገንም፤ የዛሬው ጭንቀቱ ይበቃል።

ስለዚህ እኔ የምቆመው እዚህ ጋ ነው። ተመራማሪ ስስ ምልክቶችን ያጥና፤ ሕመሙ ከየት እንደሚመጣ የምናውቀው በዚህ መንገድ ነው። ለሐኪምም፣ ታምሞ ፊቱ የተቀመጠን ልጅ ሲመረምር፣ ተጨማሪ ፍንጭ ናቸው። ያልታመመን ልጅ ለመመርመር የሚፈልግ ሰው ግን አስቀድሞ ሦስት ነገር ይመልስ። ምልክቱን ባገኝ ለልጁ የምሰጠው ምን አለኝ? መልሱ «ምንም፣ ከጭንቀት በቀር» ከሆነ እጁን ይሰብስብ። ሁለተኛ፣ ልጁ ራሱ ማወቅ ይፈልጋል? አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶታል፤ ስለ ራሱ አንጎል እናቱና ሐኪሙ ብቻ ተንሾካሹከው ሊወስኑ አይገባም። ሦስተኛ፣ የተነገረው ቃል ከዚያ ክፍል ወጥቶ የት ይደርሳል? በእኛ ሰፈር «አማኑኤል ታይቷል» የሚል ወሬ ከማንኛውም የአንጎል ፎቶ በላይ ዕድሜ አለው፤ ሥራ ያስከለክላል፣ የእህትን ጋብቻ ሳይቀር ያበላሻል።

ለወላጅና ለታላላቆች ያለኝ ምክር ደግሞ አጭር ነው። የሚንገዳገድ እጅ አትቁጠሩ። ለሳምንታት የጠፋ እንቅልፍ፣ ድንገት የወደቀ ውጤት፣ ጓደኛን ሁሉ መተው፣ ማንም የማያየውን ነገር መፍራት፤ እነዚህ ጭስ ናቸው። ያን ጊዜ ጠበሉም ይቀጥል፣ ሐኪምም ጋ ቶሎ ይኬድ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ወንድሜ ለጠየቀኝ ጥያቄ ሙሉ መልስ የለኝም። አንጎሉ እሱ ነው ወይ? በአንድ በኩል ነው። ግን ያ አንጎል ሬዲዮውን ጠላት አድርጎ ያሳየው ብቻ አይደለም፤ የተሰበረ ስልክ ከፍቶ ጥቃቅን ብሎኖቹን በወረቀት ላይ በየተራ የሚደረድረውም ያው አንጎል ነው። በቀደም ይህን ስነግረው ቀና ሳይል «ታዲያ ሐኪሙ ለምን ይሄኛውን አልነገረኝም?» አለኝ።